ከቡና ዋጋ ሥር የቆመችው ሙሽራ

ዲላ ውስጥ ፌስታል ይዞ ከቤት መውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ይዞ መመለስ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የሰፈራችን መግቢያ ላይ እትዬ ዘነበች አሉ። ትንሽ ሱቅ አለቻቸው፤ ሳሙና፣ ሻማ፣ ብስኩትና ለስላሳ ይሸጣሉ። ዋና ሥራቸው ግን ንግድ አይደለም። ዋና ሥራቸው ማየት ነው። ብዙ ሽንኩርት ይዤ ባልፍ «እንግዳ አለባችሁ እንዴ?» ይሉኛል። ትንሽ ይዤ ባልፍ «ምነው፣ ደህና አይደላችሁም?» ይላሉ። ባዶ እጄን ባልፍ ደግሞ «ምን ረስተሽ ነው የተመለስሽው?» ይላሉ። እኔ ሰው ሲያናግረኝ ፊቴ እስከ ጆሮዬ የሚግል ሰው ነኝ። ስለዚህ ለሁሉም ጥያቄ መልሴ አንድ ነው። «እ» እላለሁ፣ አልፋለሁ። እሳቸው ከዚያች «እ» ውስጥ ስንት ወሬ እንደሚያወጡ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ይህን ያነሣሁት በአቤኔዘር ምክንያት ነው። አቤኔዘር ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ነበር። ከአዲስ አበባ ነው የመጣው፤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ይማራል። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ኢንተርኔት አስረዳን። «ኦንላይን ስትገቡ እኮ ይከታተሏችኋል። ምን እንዳያችሁ፣ የት ስንት ደቂቃ እንደቆያችሁ ሁሉ ያውቃሉ። ፕራይቬሲ የሚባል ነገር ቀልድ ሆኗል» አለ። እማዬ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቀና ብላ አየችውና «እና አዲሱ ነገር ምንድነው?» አለችው።

እውነቷን ነው። ልጁ ስለ ፕራይቬሲ የሚያስተምረን የት ተቀምጦ ነው? አራት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧና በአንድ ሽንት ቤት በሚተዳደርበት ግቢ ውስጥ። እኛ ግቢ ማን መቼ ሽንት ቤት እንደገባ ይታወቃል። ምን ያህል እንደቆየና ለምን እንደቆየም ይታወቃል፤ ትናንት ምን እንደበላም ስለሚታወቅ። እንዲህ ያለ ቦታ ያደገ ሰው፣ ባሕር ማዶ ያለ የማያውቀው ነጋዴ ቢከታተለው ምን ይጎዳዋል? እኔም እንደ እማዬ ነበር ያሰብኩት። ጉዱ የመጣው በኋላ ነው።

አባዬ ግብርና ቢሮ ነው የሚሠራው። ለብዙ ዘመን ባትሪዋ በላስቲክ የታሰረች ስልክ ይዞ ከኖረ በኋላ፣ ያን ዓመት ስማርት ስልክ ገዛ። የገዛው መናኸሪያው አጠገብ ካለው የሳሙኤል ሱቅ ነው። ሳሙኤል የአንድ ትልቅ የቡና ነጋዴ ልጅ ነው። ስልኩን ከካርቶኑ አውጥቶ ያስተካከለው፣ መዝሙር የጫነበት፣ ኢንተርኔት ያስጀመረለት እሱ ራሱ ነው። አባዬ ስለ ሳሙኤል ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። ልጁ ጨዋ ነው፤ ኳየር ውስጥ ይዘምራል፤ አባቱ ሁለት አይሱዙ አለው። ሲናገረው ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ሲያስበው ግን ከኋላ ወደ ፊት ይመስለኛል።

ታላቅ እህቴ ምህረት ደግሞ የምትወደው ጌታሁንን ነው። ጌታሁን የወናጎ ልጅ ነው፤ አሪቻ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራል። በእጥበት ወቅት ልብሱ የኮመጠጠ የቡና ገለፈት ይሸታል። ምህረት ሽታው ደስ ይላታል። ፍቅር ዕውር ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ አፍንጫም እንደሌለው ያወቅሁት ያኔ ነው። አይሱዙ የለውም። አንድ ቦቲ ጫማ አለው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሥርዓት አለ። ልጅቷ ወንዱን ታውቃለች። እናቷ ታውቃለች። ጎረቤት ያውቃል። አባት ግን አያውቅም። ማወቅ የለበትም። ሽማግሌ ሲመጣ መደንገጥ አለበት፤ ካልደነገጠ ልጁን በገዛ እጁ ገበያ አውጥቷል ይባላል። ከደነገጠ በኋላ «ላስብበት» ይላል፣ ሽማግሎቹን ያመላልሳል፣ መንገዱ ሲሰለቻቸው እሺ ይላል። ጌታሁንም ሽማግሌ ሊልክ ቆርጧል። የእጥበቱ ሥራ ሲያልቅ፣ ጥር ላይ። እስከዚያ ድረስ ከቤታችን የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባዬ ምንም እንዳያውቅ።

እንግዲህ ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ፣ አባዬ ስልኩን ቻርጅ እንዳደርግለት ሰጥቶኝ ወጣ። ምህረት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና «እስቲ ቬሎ ፈልጊልኝ፤ ለማየት ብቻ» አለችኝ። ለማየት ብቻ። ሔዋንም ስትጀምር እንደዚያ ሳትል አልቀረችም። ፈለግሁላት። አንዱ ቬሎ ጅራቱ ከሳሎናችን ተነሥቶ እትዬ ዘነበች ሱቅ የሚደርስ ነው። ምህረት እሱን እያተለቀች፣ እያሳነሰች፣ ወገቡን እያየች ብዙ ቆየች። ከዚያ ዘግተን ወጣን። የወጣን የመሰለን ለእኛ ነው።

አባዬ በማግሥቱ የቡና ዋጋ ሊያነብ ስልኩን ከፈተ። ከአባቱ የወረሳት፣ በእንሰት መሀል የበቀለች ትንሽ ቡና አለችው፤ እሷን ይዞ የዓለም ገበያን ይከታተላል። የቡና ዋጋ ወርዷል ይላል ዜናው። ከዜናው ሥር ሙሽራ ቆማ ትስቃለች። ዋጋው ከወረደ እሷ ምን ያስቃታል? አባዬ መነጽሩን አስተካከለ። ወደ ዓየር ሁኔታ ሄደ። ዲላ ዝናብ ይጥላል ይላል፤ ሙሽራዋ እዚያም አለች፣ ያለ ጃንጥላ። ወደ ኳስ ሄደ። ቀድማው ደርሳለች። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

አሁን እናንተ «ማስታወቂያ ነው» ትላላችሁ። አባዬ ግን የሥርዓት ሰው ነው። እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር በቀጥታ አይነገርም። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ጭምጭምታ ይላካል፤ በአክስት በኩል፣ በጎረቤት በኩል፣ አንዳንዴም «ልጅዎ እንዴት አድጋለች» በምትል አንዲት ቃል። የሴቷ አባት ፊቱን ካላጠቆረ ሽማግሌው ይከተላል። ታዲያ ሙሽራ በስልክ ስትመጣ አባዬ ምን ብሎ ይጠይቅ? ስልኩን ማን ሸጠው? ማን ከፍቶ አስተካከለው? ማን እጁን አስገባበት?

በአባዬና እማዬ ክፍልና በእኛ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነው። ማዳመጥ አያስፈልግም፤ አለማዳመጥ ነው የሚያስቸግረው።

«የነጋዴው ልጅ ነገር ጀምሯል» አለ አባዬ።

«ምን ብሎ?» አለች እማዬ።

«ምንም አላለም። በሥዕል ነው። ሙሽራ እያሳየኝ ነው።»

እማዬ ጌታሁንን ታውቃለች፤ ግን አውቃለሁ ማለት አትችልም። «ስልኩ ራሱ ይሆናል እኮ» አለች።

«ስልክ ስለ ጋብቻ ምን አገባው? ጨዋ ልጅ ስለሆነ ነው። በአፉ አፍሮ ነው።»

ሦስታችን ሴቶች እውነቱን እናውቃለን፤ ሦስታችንም መናገር አንችልም። ሙሽራዋን ማን ጠራት የተባለ እንደሆነ ምህረት ልትወጣ ነው። ምህረት ከወጣች ጌታሁን ይወጣል። እኔ ደግሞ እንኳን እንዲህ ያለውን፣ ወጡ ጨው አንሶታል ለማለት እንኳ ቀን የምመርጥ ሰው ነኝ።

ሙሽራዋ ግን አላፈረችም። በሁለተኛው ሳምንት አንገቷ ላይ ቀይ ጽሑፍ ይዛ መጣች፤ «ፍጠኑ፣ ሁለት ብቻ ቀርተዋል» ይላል በእንግሊዝኛ። አባዬ እንግሊዝኛ ያነባል። አንብቦ ላብ በላብ ሆነ። «ያጣድፉናል» አላት እማዬን። «ሁለት ቤት ቀርቶናል ማለታቸው ነው። ከእኛ ሌላ ያዩት ቤት አለ።» ማግሥቱን ከቢሮ ሲመለስ ትልልቅ ፓፓያ ገዝቶ በፌስታል አንጠልጥሎ በቀጥታ ወደ ሳሙኤል ሱቅ ሄደ። በእትዬ ዘነበች ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ። ሳሙኤል ፓፓያውን ሲያይ ስልኩ የተበላሸ መሰለው። «ጋሼ፣ ችግር ካለው በነፃ አስተካክላለሁ» አለው አሉ። አባዬም ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ምንም ችግር የለውም። ደርሶናል» ብሎት ተመለሰ።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ፓፓያ አይደለም፣ ቃል ነው። አባዬ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሳሙኤልን አባት አግኝቶ አንዲት ነገር ጣል ካደረገ አለቀ። ካፍ ከወጣ አፋፍ። አባዬ ደግሞ ቃሉን አይበላም። ምህረት ማታ ማታ ራት መብላት ተወች። የምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሕፃናቱ «ቲቸር፣ ምን ሆነሽ ነው?» እያሉ ይጠይቋት ጀመር።

አቤኔዘርን ማናገር ነበረብኝ። በሩ ድረስ እየሄድኩ ተመለስኩ። በመጨረሻ ውኃ ሊቀዳ ቧንቧው ጋ ሲቆም አገኘሁትና ጄሪካኑን እያየሁ ነገርኩት። ሳቀ። ከዚያ አስረዳኝ፤ ቬሎውን ያየንበት ድርጅት ስልኩ ላይ ምልክት ጥሎ ነው፤ ኩኪስ ይሉታል። የትም ብንሄድ በዚያ ምልክት ያውቀናል። ሰው ለክትትል እንኳ የብስኩት ስም ሲያወጣለት አይገርምም?

«ይዘጋል?» አልኩት።

«ይዘጋል፣ ቀላል ነው። ግን አስቢበት፣ እህት» አለኝ። «የቡና ዋጋውን አባትሽ በነፃ የሚያነቡት በማስታወቂያው ነው። ሁሉም ሰው ከዘጋ የሚጽፈው ሰውዬ ምን ይበላል?»

አስቤው አላውቅም ነበር። ለካ ሙሽራዋ የዚያ ጸሐፊ ቀላቢ ናት። እውነት ለመናገር አንጀቴን በላው። «አንተስ አልዘጋህም?» አልኩት።

«እኔማ ዘግቻለሁ።»

የተማረ ሰው እንዲህ ነው። የሁለቱንም ወገን ሐሳብ ያውቃል፤ የሚመቸውን ደግሞ ይኖራል። እኔም ለጸሐፊው አዝኜ፣ ለእህቴ ይበልጥ አዘንኩ። አባዬ ለቻርጅ የሰጠኝን ስልክ አምጥቼለት አቤኔዘር ማስታወቂያ የሚዘጋ ነገር ጫነበት፣ ምልክቱንም ጠርጎ አጠፋው። ሙሽራዋ ከነጅራቷ ጠፋች። ዜና ዜና ብቻ ሆነ። ዝናቡም ዝናብ ብቻ። እግዚአብሔር ይስጥህ አልኩት፣ ለጄሪካኑ።

ተገላገልን ብለን ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ ማለት ለካ እኛን ነው።

አባዬ በማግሥቱ ስልኩን ከፈተ። የቡና ዋጋ አነበበ፤ ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ወጣ። ዓየር ሁኔታ ገባ፣ ወጣ። መስተዋቱን በሹራቡ ጠረገው። አጥፍቶ አበራው። ከግቢ ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ሞከረው። ተመልሶ «ኔትወርክ የለም እንዴ?» አለኝ።

«አለ።»

«ሁሉም ይገባል?»

«ሁሉም።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። በሳምንቱ መጨረሻ ከግድግዳው ወዲያ እንዲህ ሲል ሰማሁት፤ «ትተውናል። ሌላኛዋን መርጠዋል።» ቆየና ቀጠለ። «የእኔ ልጅ ምን ጎደላት?»

ይህን ሲል ድምፁ የአባዬ አይመስልም ነበር። ያን ጊዜ ተነሥቼ ግድግዳውን አንኳኩቼ ሁሉንም ብነግረው ደስ ይለኝ ነበር። አንሶላውን ጆሮዬ ድረስ ሳብኩት። እሑድ የሳሙኤል አባት እንደ ወትሮው ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ሰላም አለው። አባዬ ቤት ሲገባ «አየሽ፣ ባርኔጣውን ትንሽ ብቻ ነው ያነሣው» አላት እማዬን።

ጥር ደረሰ። የጌታሁን ሽማግሎች ከወናጎ በሚኒባስ መጡ። እግራቸውን ከቀይ ጭቃ ጠርገው ገቡ። ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፣ ወጉ ነውና። ከሁሉ የሚበልጡት አዛውንት በምርኩዛቸው ተደግፈው ጀመሩ። ስለ አዳም ተናገሩ። ስለ ይስሐቅና ርብቃ ተናገሩ። ለሦስት ምልልስ የተዘጋጀ ንግግር ነው፤ የዛሬው መግቢያው ብቻ ነው። እኛ ጓዳ ሆነን ትንፋሻችንን ይዘናል። አባዬ መደንገጥ አለበት። ላስብበት ማለት አለበት።

«እሺ» አለ አባዬ።

አዛውንቱ ርብቃ ላይ እንዳሉ ቆሙ። «ምን አሉ?»

«እሺ። ሰጥቻለሁ። ልጁም ጥሩ ልጅ ነው።»

«የማን ልጅ እንደሆነ እኮ ገና አልነገርንዎትም።»

ለምን እንደዚያ እንዳለ ገባኝ። ሰው ልጁን ንቆ ትቶበታል፤ ሌላ ሰው ፈልጎ መጥቶለታል። ይህንንም ቢያመላልሰው እንደዚያኛው ቢቀርስ? የጨነቀው አባት እንዲያ ነው። ሽማግሎቹ ግን ስለ ሙሽራዋ ምን ያውቃሉ? እርስ በርስ ተያዩ። ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው የምትሄደውን ጥያቄ ጓዳ ሆኜ ሳነባት ነበር፤ ይቺ ልጅ ምን ብትሆን ነው አባቷ እንዲህ የሚጣደፈው?

«ከዘመድ ጋር ቢመካከሩ አይሻልም?» አሉ አዛውንቱ ቀስ ብለው።

«ተመካክረናል።»

«መቼ? አሁን መምጣታችን አይደል?»

አዛውንቱ ምርኩዛቸውን አነሡ። «እንግዲያውስ እኛ ሄደን እንመካከር» አሉ።

ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሽማግሌ «ላስብበት» ብሎ ሲሄድ? በዲላ ታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። የቀረበውን ምግብ ሳይነኩ ወጡ። ምህረት ጓዳ ውስጥ ከሽንኩርቱ ጎን ተቀምጣ አለቀሰች። ሽንኩርቱ ስላለ ማንም አልጠየቃት። እኔ ደግሞ ያንን የዘጋሁትን ነገር አሰብኩ። ሙሽራዋን ባንዘጋት ኖሮ አባዬ ሳሙኤልን እየጠበቀ ሽማግሎቹን በወጉ ያመላልሳቸው ነበር። ስንዘጋት ደግሞ ምህረትን የተጣለች አስመሰልናት። ቢከፍቱት ጉድ፣ ቢዘጉት ጉድ።

አሁን ደግሞ ወደ ሱቁ እንመለስ። የሰው ቤት መጠርጠር የጀመረ ሽማግሌ የት ይሄዳል? ጎረቤት ይጠይቃል። ሽማግሎቹ ወደ ሚኒባሱ ሲወርዱ ለስላሳ ለመጠጣት ብለው እትዬ ዘነበች ዘንድ ጎራ አሉ። ይህን ያወቅሁት ከራሳቸው ከእትዬ ዘነበች ነው፤ በማግሥቱ ጠርተው ሁሉንም ነገሩኝ። ሽማግሎቹ «ያች ልጅ እንዴት ናት?» ብለው ጠየቋቸው አሉ። እትዬ ዘነበች ምህረትን ከልጅነቷ ጀምረው ተረኩላቸው። ከመዋዕለ ሕፃናቱ በየትኛው መንገድ እንደምትመለስ፣ ዝናብ ሲሆን የት እንደምትጠለል፣ ማንን ቆማ እንደምታናግር፣ ማንን ዝቅ ብላ እንደምታልፍ።

«ወንድስ?» አሉ አዛውንቱ።

«አንድ ልጅ አለ» አሏቸው። «ድልድዩ ድረስ ይሸኛታል። ቦቲ ጫማ ያደርጋል፣ ቡና ቡና ይሸታል። የእናንተው ጌታሁን ነው። ሌላማ ቢኖር ከእኔ ያመልጣል?»

አዛውንቱ ሳቁ አሉ። ለስላሳውን ጨረሱ። ከሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። እማዬም በዚያ ሳምንት የሙሽራዋንና የሳሙኤልን ነገር ገልጣለት ኖሮ፣ አባዬ እንደገና አስጀመራቸው፤ ደነገጠ፣ «ላስብበት» አለ፣ ለወጉ ያህል ሁለት እሑድ አመላለሳቸው። አዛውንቱ ርብቃን እስከ መጨረሻው አደረሷት። ምህረት ፋሲካ ሲያልፍ ተዳረች። ቬሎው ከሐዋሳ የተከራየ ነው፤ ጅራቱ አጭር ነበር። ሳሙኤልም ሰርጉ ላይ ዘመረ። ያንን ፓፓያ ለምን እንዳገኘ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ጠርተው በነገሩኝ በዚያ ቀን እትዬ ዘነበች ታሪኩን ጨርሰው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ፓፓያውንም አይቻለሁ» አሉኝ። «ወዴት እንደሄደም አውቃለሁ። ለእነሱ ግን አልነገርኳቸውም።»

እኔ «እ» አልኩ። ልቤ ግን ብዙ ነገር አለ። ስልኩና እሳቸው ሁለቱም ያዩናል። ስልኩ ያየውን ሁሉ ለሁሉም ያሳያል። እሳቸው ግን ምን እንደሚነገርና ምን እንደሚዋጥ ያውቃሉ። እንግዲያው ነገሩ ይኼ ነው ብዬ ደመደምኩ። ኢንተርኔቱን ዝጉት፤ ጎረቤትን አትዝጉ። የሚከታተለን ሰው ሲሆን ይሉኝታ አለው። እንዲህ ያለ ትምህርት በራሴ ጭንቅላት ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበርና በጣም ኮራሁ።

ኩራቱ የቆየው እስከ ክረምት ነው። ክረምት ላይ እትዬ ዘነበች ራሳቸው ስማርት ስልክ ገዙ፤ ከሳሙኤል። ከገበያ ስመለስ በሱቁ መስኮት ጠሩኝና ስልኩን ሰጡኝ። ተቆጥተዋል። የወገብ መድኃኒት ፈልገው ነበር አሉ፤ ከዚያ ወዲህ በየሄዱበት የወገብ ቀበቶ እያመጣባቸው ነው።

«ይኼ ነገር ሰው ይከታተላል የሚሉት እውነት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው» አልኳቸው።

«ነውር አያውቅም? የሰው ጓዳ ምን አገባው? የአባትሽን ዘግተሻል ሲሉ ሰምቻለሁ። የእኔንም ዝጊልኝ።»

የአባዬን መዝጋታችንን ከማን እንደሰሙ አልጠየቅሁም። መደርደሪያው ላይ ተደግፌ መዝጋት ጀመርኩ። ምልክቱን ጠረግሁ፣ መዝጊያውን ጫንኩ። እሳቸው የስልኩን መስተዋት አያዩም። አንገታቸውን በመስኮቱ አስግገው እግሬ ሥር ያስቀመጥኩትን ፌስታል እያዩ ነው።

«ብዙ ነው» አሉኝ። «ምህረት ልትመጣ ነው እንዴ? አረገዘች?»